ካና ወደ ቤት ይመጣል

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት የባህል ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ምሽት ያሰናዳውን የባህል ክፍል አመሰግናለሁ። ክፍሉ «ስለ ቴአትር አንድ ነገር ንገረን» ሲለኝ፣ ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት ስለ ሀገር ፍቅር ወይም ስለ ፀጋዬ ገብረ መድኅን እንደምናገር ነው። እኔ ግን ይዤላችሁ የመጣሁት በደቡብ አፍሪካ፣ አፍሪካንስ በሚባለው ቋንቋ ስለሚሠራ ቴአትር ነው። ርዕሱ ሲነበብ ከወዲያ ጥግ የሳቁትን ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩም። ታክሲ ነጂን የቦኤሮች ቋንቋ ቴአትር ምን አገባው ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ ያዙልኝ።

ከእናንተ መካከል ታሪኬን የሚያውቁ አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ተማሪ ነበርኩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጌ ደቡብ አፍሪካ ገባሁ። የጂኦግራፊ ትምህርቴን በእግሬ ጨረስኩት እያልኩ እቀልዳለሁ። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። ሥራችን እዚያ የኖራችሁ የምታውቁት ነው፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና ካልሲ ተሸክሞ ሎኬሽን ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ በዱቤ መሸጥ፣ ወር ሲያልቅ ደግሞ ገንዘቡን ለመልቀም ያንኑ መንገድ መመለስ። ሎኬሽን የሚባለው በአፓርታይድ ዘመን ነጭ ያልሆነው ሕዝብ ከከተማው ተገፍቶ እንዲኖርበት የተከለለ ሰፈር ነው። ለእኔ የደረሰኝ አውትስሆርን በምትባል፣ ሰጎን በሚረባባት ደረቅ አገር ያለች ከተማ፣ ብሪጅተን የሚሉት ሰፈር ነበር።

የብሪጅተን ሰዎች ነጮች አይደሉም። በአገሩ አጠራር ከለርድ ይባላሉ። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት፣ የሚጸልዩት፣ የሚሳደቡት ግን በአፍሪካንስ ነው። ይህ በመጀመሪያ ግራ አጋባኝ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ስለዚህ ቋንቋ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰኔ 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች በዚህ ቋንቋ አንማርም ብለው ሰልፍ ሲወጡ በጥይት የተመቱበት መሆኑን። የጨቋኝ ቋንቋ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ከተጨቋኙ አፍ ስሰማው የማደርገው ጠፋኝ። ዱቤ ለመሰብሰብም መማር ነበረብኝና ተማርኩት።

አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ፤ እኛ እትዬ እንደምንለው እነርሱ «አንቲ» ይላሉ። የሁለት ብርድ ልብስ ዕዳ ነበረባት። አንድ ወር መጨረሻ ስሄድ ገንዘብ የለም፤ ሻይ ግን አለ። ቁጭ አልኩ። ሴት ልጅዋ ለትምህርት ቤት የታዘዘችውን አንድ ተውኔት ጮክ ብላ ታነባለች። ስለ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ ልጅቷ ሳትመልስ እናቲቱ ቀደመችና፣ «ስለ አንተ ነው» አለችኝ። ስቄ ዝም አልኩ። ያ መጽሐፍ በተራዬ እጄ ሲገባ ግን መሳቁ ቀረ። ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ይህ ቴአትር ከየት እንደመጣ በአጭሩ ልንገራችሁ።

አፍሪካንስ ሆላንዶች በ1652 ኬፕ ላይ ከሰፈሩ በኋላ የበቀለ ቋንቋ ነው። ሆላንድኛውን የቀየሩት ግን ጌቶቹ ብቻ አልነበሩም፤ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድ፣ ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ የተጋዙ ባሮችና የአገሩ ተወላጅ ኮይኮይ ሕዝብ ጭምር ናቸው። ትልልቆቹ ሰዎች ለረጅም ጊዜ «የወጥ ቤት ሆላንድኛ» እያሉ ይንቁት ነበር። ከቀደምት ጽሑፎቹ መካከል የኬፕ ሙስሊሞች በዓረብኛ ፊደል የጻፏቸው ይገኙበታል፤ አቡበክር ኤፈንዲ የተባሉ የሃይማኖት መምህር ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1877 ኢስታንቡል ታትሟል። ነጮቹ «ቋንቋችን» ብለው ማኅበር ያቋቋሙት በ1875 ፓርል ከተማ ላይ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ ኤስ. ጄ. ዱ ቶይት የተባለው ቄስ ሲሆን፣ በአፍሪካንስ ከተጻፉት የመጀመሪያ ተውኔቶች አንዱ የሆነው «ማግሪታ ፕሪንስሎ»ም በ1890ዎቹ ከእርሱ እጅ ወጣ። መንግሥት ቋንቋውን በይፋ የተቀበለው በ1925 ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ሹፌር ነኝና ደስ ይለኛል። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአፍሪካንስ ቴአትር ቤት አልነበረውም፤ መኪና ነበረው። ፖል ደ ኽሩት የተባለ ከሆላንድ የመጣ ተዋናይ፣ ሄንድሪክ ሃነኮምና ባለቤቱ ማቲልዳ፣ ከእነርሱም ሥር የወጣው አንድሬ ሁጉኔት፣ መጋረጃውንና ልብሱን መኪና ላይ ጭነው አቧራ በአቧራ እየሆኑ ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር። ዛሬ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ፣ ነገ በትምህርት ቤት። አጥባቂ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሕዝብ ተዋናይን በጥሩ ዓይን አያይም ነበር፤ የእኛ ሰው አዝማሪን እንደሚያየው ማለቴ ነው፤ ሲዘፍን ይወደዋል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። ሁጉኔት በ1906 ሲወለድ የወጣለት ስም ኸርሃርዱስ ቦርስትላፕ ነበር፤ አንድሬ ሁጉኔት የመድረክ ስሙ ነው። ይህ ሰው በ1947 ሐምሌትን በአፍሪካንስ ተጫወተ። «በዚህ የወጥ ቤት ቋንቋ ሼክስፒር ይነገራል ወይ?» ለሚሉት መልሱ ያ ነበር። ፀጋዬ ሐምሌትን በአማርኛ ሲያመጣልን የኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ንቀት አልነበረበትም፤ ቢሆንም ትልቅ ሥራ በራስ አፍ ሲነገር ያለውን ስሜት የምናውቀው ይመስለኛል።

ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ቴአትርም በዚያው ዘመን ነበር። ድርቅና ድህነት ከእርሻ ያፈናቀላቸው የነጭ ድሆች ልጃገረዶች ጆሃንስበርግ ወርደው በልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ በሠራተኛ ማኅበራቸውም ውስጥ ተውኔት እየጻፉ ስለ ሥራ ማቆምና ስለ አንድነት በአፍሪካንስ መድረክ ላይ ይጫወቱ ነበር። ከመካከላቸው ዮሐናና ሄስተር ኮርኔሊየስ የተባሉት እኅትማማቾች ይታወቃሉ። ቀን ስፌት፣ ማታ ልምምድ። በማኅበራችን ያለው የቴአትር ቡድን «ጊዜ የለንም» እያለ በሁለት ዓመቱ መበተኑን ሳስታውስ፣ እነዚህ ሴቶች ትዝ ይሉኛል፤ ያው እኔም ከተበተኑት አንዱ ነኝ።

መንግሥት እጁን ሲያስገባ ነገሩ ተለወጠ። በ1947 በሁለቱም ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛና በአፍሪካንስ፣ የሚሠራ ብሔራዊ የቴአትር ድርጅት ተቋቋመ። በዓመቱ አፓርታይድን ያወጀው ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያ ድርጅት ፈርሶ ለየክፍለ ሀገሩ የኪነ ጥበባት ምክር ቤት ተመሠረተ፤ ገንዘብ ፈሰሰ፤ ተዋናይ ደመወዝተኛ ሆነ። አዳራሾቹም አማሩ። ኬፕ ታውን ላይ በ1971 የተከፈተው ታላቁ የኒኮ ማላን ቴአትር ቤት ግን እስከ 1975 ድረስ ለነጭ ብቻ ነበር። ያ ከተማ ደግሞ አፍሪካንስ ተናጋሪው በአብዛኛው ከለርድ የሆነበት ከተማ ነው። ለቋንቋው ቤት ተሠራ፤ ባለቤቱ በር ላይ ቀረ።

ገንዘብ የሚሰጥ አፍ መዝጋቱ አይቀርም። በ1966 ለሪፐብሊኩ አምስተኛ ዓመት በዓል ኤን. ፒ. ፋን ቬይክ ላው የተባለው ትልቁ ባለቅኔያቸው ስለ ቦኤር ጦርነት ተውኔት እንዲጽፍ ታዘዘ። የጻፈው ግን ውዳሴ አልነበረም፤ ጀግናውንም ፈሪውንም ከዳተኛውንም አብሮ መድረክ ላይ አውጥቶ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ጠቅላይ ሚኒስትር ፈርቩርት በአደባባይ ንግግራቸው ነቀፉት፤ ደራሲዎች ሕዝቡን ሊያወድሱ ሲገባ ይጠይቃሉ አሉ። የእኛም ቴአትር የተወለደው እንዲሁ ነው፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ቤተ መንግሥቱን አስቆጥቶ ታግዷል። ባርቶ ስሚት የተባለው ደራሲ ደግሞ በ1960 በነጭና ነጭ ባልሆነ ሰው መካከል ስላለ ፍቅር የሚናገር ተውኔት ቢያሳትምም፣ በመንግሥት የሚደጎሙት ቴአትር ቤቶች ለብዙ ዓመት አልነኩለትም።

አሁን ወደ ብሪጅተኑ መጽሐፍ ልመለስ።

ርዕሱ «ካና ሂ ኮ ሄይስቱ» ይባላል፤ «ካና ወደ ቤት ይመጣል» ማለት ነው። ቃና ዘገሊላ እንዳይመስላችሁ፤ ካና የሰው ስም ነው። ደራሲው አዳም ስሞል ይባላል። በ1936 ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ እርሱ ራሱ ፍልስፍና ተምሮ ፍልስፍና አስተማረ። ተውኔቱን ግን በመጽሐፍ አፍሪካንስ አልጻፈውም። በኬፕ ታውን ዳርቻ ሠራተኛው በሚናገረው፣ እንግሊዝኛ በተደባለቀበት፣ ቃል በሚዋጥበት፣ ካፕስ በሚሉት አነጋገር ጻፈው። የተማሩት ያፈሩበትን አነጋገር ነው መድረክ ላይ ያወጣው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ማኪት የምትባል፣ መራመድ የማትችል፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትኖር ድሃ ሴት አለች። ካና የአብራኳ ክፋይ ሳይሆን ያሳደገችው ልጅ ነው። ጎበዝ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ተስፋውን በእርሱ ላይ ጥሎ ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። ተምሮ ይመለሳል፣ ከዚህ ያወጣናል ይላሉ። እርሱ በሌለበት ኪቲ የምትባለው ልጅ በወሮበሎች ትደፈራለች፤ ከመካከላቸው አንዱ አግብቷት ገላዋን ይሸጥባታል። ወንድሟ ዲኪ ያንን ሰው ይገድልና በስቅላት ይቀጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ማኪት የምትናገረው አንድ ነገር ነው፤ ካና ይመጣል። ካናም ከብዙ ዓመት በኋላ መጣ፤ ለማኪት ቀብር።

የሚገርመው አቀራረቡ ነው። መድረኩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጊዜው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዘላል። የሞቱት ተነሥተው ካናን ያናግሩታል፤ ይህ ሆነ፣ ከዚያ ይህ ሆነ ይሉታል። አይከሱትም። ቢከሱት ይቀለው ነበር። መጽሐፉን ለመጨረስ አራት ወር ፈጀብኝ፤ ያላወቅሁትን ቃል ያቺ ተማሪ ትነግረኛለች፣ እኔ ደግሞ ከእናትዋ ዕዳ ላይ እቀንሳለሁ። በዓመቱ የትምህርት ቤቷ ልጆች በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲጫወቱት ከኋላ ወንበር ቁጭ ብዬ አየሁት። የማኪት ወንበር ከጤና ጣቢያ የተዋሱት ነበር፤ አንዱ ጎማው እየተንጫጫ አስቸገረ። ማንም አልሳቀም። ሸማቾቼ በሙሉ ያለቅሱ ነበር። በየቤታቸው የሄደ ሰው አለና።

ተውኔቱ የታተመው በ1965 ነው። በዓመቱ መንግሥት የኬፕ ታውኑን ዲስትሪክት ሲክስ የነጭ ሰፈር ነው ብሎ አወጀ፤ ከ60,000 በላይ ሰው ቀስ በቀስ ተፈናቀለ፤ ቤቱ በቡልዶዘር ፈረሰ። ሕጉ የተለያየ ዘር ያላቸው ሰዎች አንድ መድረክ ላይ እንዳይጫወቱ፣ አንድ አዳራሽ እንዳይቀመጡ ይከለክል ነበር። በ1974 በመንግሥት የሚደጎመው የትራንስቫል ቴአትር ይህንኑ ተውኔት ሲያቀርብ ማኪትንም ካናንም የተጫወቱት ነጮች ናቸው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እነዚያ ተመልካቾች በየቤታቸው ልብስ የሚያጥብላቸውን ሰው አነጋገር፣ ሲናገሩት ያፈሩበትን ያንን የወጥ ቤት ቋንቋ፣ የቋንቋቸው ትልቁ ተውኔት ሆኖ ለመስማት ገንዘብ ከፍለው ገቡ። ንዴቴ አልበረደም፤ ተደባለቀ እንጂ። አዳም ስሞል የቋንቋው ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የሄርትሶግ ሽልማት በድራማ ያገኘው በ2012 ነው፤ መጽሐፉ ከወጣ ከ47 ዓመት በኋላ። በ2016 ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በ1972 ኬፕ ታውን ላይ «ስፔስ» የሚባል፣ በሰኔ 1976 ደግሞ ሶዌቶ ከተነሣ በአምስተኛው ቀን ጆሃንስበርግ ላይ በአሮጌ የአትክልት ገበያ ውስጥ «ማርኬት» የሚባል፣ የዘር ሕጉን የናቁ ቴአትር ቤቶች ተከፈቱ። ፒተር ዲርክ አይስ የሚባል ቀልደኛ የሴት ልብስ ለብሶ፣ የሹም ሚስት መስሎ፣ መንግሥቱን በገዛ ቋንቋው አሳቀበት። አፓርታይድ ወድቆ ድጎማው ሲሳሳ፣ የአፍሪካንስ ቴአትር እንደገና ወደ መንገድ ወጣ፤ ከ1995 ጀምሮ በእኔዋ አውትስሆርን በየዓመቱ ትልቅ የኪነ ጥበብ በዓል ይደረጋል። በበዓሉ ሰሞን የፀሐይ ባርኔጣ እሸጥ ነበር። መሀል ከተማው ሰው ይሞላል፤ የብሪጅተን ሰው በአብዛኛው ምግብ ሲሸጥ ነው የማየው፤ የመግቢያው ዋጋ ለእርሱ የሚቀመስ አልነበረም። ዛሬ ከአፍሪካንስ አፍ መፍቻ ተናጋሪዎች ከግማሽ በላይ ነጮች አይደሉም። መድረኩ ግን ይህን አምኖ ለመቀበል ብዙ ጊዜ ወስዶበታል።

አሁን «ስለ አንተ ነው» ወደተባለው ልምጣ፤ ይህን ካልተናገርኩ የመጣሁበትን አልተናገርኩም።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር፣ ገና ሳይነጋ ሦስት የማኅበራችን አባላት በሬን አንኳኩ። ሦስት ሰው በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ዐረፉ። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልወጣም ነበርና መሄድ አልቻልኩም። ለቅሶ የተቀመጥኩት እዚሁ አዳራሽ፣ እዚያ መስኮት አጠገብ ነው። ንፍሮውን የቀቀላችሁት፣ ሦስት ቀን አብራችሁኝ ያደራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንኳ በወጉ አላመሰገንኩም። ካና ለቀብር ደረሰ። እኔ ለቀብርም አልደረስኩም።

ወረቀቱ ሲወጣ ሄድኩ። የእናቴ ሳጥን ተከፈተ። የዩኒቨርሲቲ ደብተሮቼና መጻሕፍቴ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ በገመድ ታስረው፣ ብል እንዳይበላቸው ባሕር ዛፍ ቅጠል ተነስንሶባቸው ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን እንደነገሩኝ፣ «ሲመለስ አንድ ዓመት ነው የቀረው፤ ይጨርሰዋል» ይሉ ነበር። ሃያ ዓመት። ጎረቤቶች ምን ሥራ ይዘሃል ሲሉኝ፣ «የትራንስፖርት ሥራ» አልኳቸው። እናንተስ ምን ትሉ ኖሯል?

በዚህ አዳራሽ በአሥር ዓመት ውስጥ ስለ ስደት ብዙ ግጥም ሰምተናል። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሌሊት ሥራው፣ ስለ ወረቀቱ። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ሁልጊዜ የሚናገረው የሄደው ነው። የቀሩት ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም። ስልክ ስንደውል «ደህና ነን፣ አንተ ብቻ ደህና ሁን» ይሉናል፤ እኛም የሰማነውን እንዳለ እንቀበላለን። አዳም ስሞል ያደረገው ይህን መገልበጥ ነው። የቀሩትን አናገራቸው፤ የሄደውን አስቀምጦ አሰማው።

ስለዚህ አንድ ነገር ጀምሬአለሁ። ታክሲ ተራ ላይ ሰው እስኪመጣ ስጠብቅ፣ ተውኔቱን በአንድ ደብተር ላይ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ግማሽ ደርሻለሁ። አንዳንዱ ቀላል ነው። «ይመጣል» የሚለው የኛ ቃል በጣም ረዳኝ፤ ተስፋም ነው፣ ወሬም ነው፣ ወደ ቤት እየገባ ያለ ሰውም ነው። ያስቸገረኝ የማኪት አነጋገር ነው። በመጽሐፍ አማርኛ ባናግራት ሞተች። እናቴ ይናገሩት የነበረውን፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማረም የጀመርኩትን አማርኛ እሰጣታለሁ ብዬ ወስኛለሁ። እኔን ታርመኝ።

ለመድረክ ለማብቃት ከባለመብቶቹ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የማኅበራችን ጸሐፊ ደብዳቤውን እንዲጽፉልኝ በዚህ አጋጣሚ በትሕትና እጠይቃለሁ። እስከዚያው ግን እርስ በርሳችን ለማንበብ የሚከለክለን የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት እዚሁ አዳራሽ እንጀምራለን። ለካና ሦስት ሰው ተመዝግቧል፤ ሁሉም ካና መሆን ይፈልጋል። የመጨረሻውን ትዕይንት አልነግራችሁም። ተሽከርካሪ ወንበር አንድ አባላችን ሊያውሱን ቃል ገብተዋል፤ ጎማውም አይንጫጫም። ለማኪት የሚሆን ሰው ግን እስከ አሁን አላገኘሁም። እትዬዎች፣ እዚያ ከኋላ የተቀመጣችሁት፣ አይቻችኋለሁ።